ከሙሉ ሩጫ ወደ ሙሉ ጨዋነት

ጥፋቱ ውስጥ እጃቸው ያለበትን ሰዎች አስቀድሜ አንድ በአንድ ላስተዋውቃችሁ፤ ኋላ መሀል ላይ "ይቺ ደግሞ የቷ ናት?" እያላችሁ እንዳትቸገሩ።

አንደኛ፣ ሐያት። ልጄ ናት፤ አስረኛ ክፍል። ኳስ ስትይዝ ትበራለች፣ መጥረጊያ ስትይዝ ወገቧን ያማታል። ሁለተኛ፣ መሰረት። የክፍላቸውን አምፖል ያለ ወንበር የምትቀይር ረጅም ልጅ። ሦስተኛ፣ ሰዓዳ። የቡድኑ ትንሿ፤ ከኳሷ አጠገብ ስትቆም የትኛዋ እንደምትነጥር ያጠራጥራል። አራተኛ፣ ትዕግስት። የመሪጌታ ልጅ፤ ለሰው ቀርቶ ለፍየልም መንገድ የምትለቅ። አምስተኛ፣ ረድኤት። ስለ እሷ ብዙ የምለው የለኝም፤ እሷም ስለ ማንም ምንም ብላ አታውቅም። ስድስተኛ፣ ሐጂ ሙሄ። ሰማንያን የዘለሉ ጎረቤታችን ናቸው፤ ስለ ቅርጫት ኳስ የነገርኳቸው ቀን "ቅርጫቱ ታቹ ክፍት ከሆነ ምን ሊይዝ ነው?" ብለው የጠየቁኝ።

ሰባተኛው እኔ ነኝ። እንድሪስ፣ መካነ ሰላም ገበያ ውስጥ የስፌት መኪና ጠጋኝ። ከስድስተኛ ክፍል በኋላ ያስተማረኝ ሰው የለም። ያገኘሁትን ወረቀት ሁሉ እያነበብኩ ራሴን ያስተማርኩት ራሴ ነኝ። ስለዚህ አስተማሪዬን እጅግ አከብረዋለሁ... መከራው የመጣውም ከዚሁ ነው።

እንግዲህ ልናገረውና ተቆጡ፦ ልጅን የሚያበላሽ ባለጌ አባት አይደለም። ጨዋ አባት ነው! ባለጌው አባት ልጁን አንድ ቀን ያሳፍራት ይሆናል። ጨዋው ግን ስድስት ሳምንት ሙሉ ተጠንቅቆ፣ ሰዓት ይዞ፣ ፊሽካ እየነፋ ያበላሻታል። በራሴ ደርሶ ባላየው ኖሮ አንዲት መስመር አልጽፍም ነበር።

ነገሩ የጀመረው የሴቶቹን ቡድን የሚያሰለጥነው መምህር ወደ ሌላ ወረዳ ሲዛወር ነው። አሰልጣኙ ሲሄድ ተጫዋቾቹም አንድ አንድ እያሉ ቀሩና ከአስራ አንዱ አምስት ብቻ ተረፉ። የትምህርት ቤቱ ሜዳ ደግሞ አንድ ነው። ከሰዓት በኋላ ያለችውን አንዲት ሰዓት የወንዶቹ መረብ ኳስ ቡድን ዓይኑን ከጣለባት ቆይቷል።

ርዕሰ መምህሩ ክፉ ሰው አይደለም። ሐያትንና ጓደኞቿን ጠርቶ በግልጽ ነገራቸው።

"ከስድስት ሳምንት በኋላ የማሻ ልጆች ለወዳጅነት ጨዋታ ይመጣሉ። አሸንፉ አልላችሁም። ግን በሃያ ነጥብ ወይም ከዚያ በላይ ከተሸነፋችሁ፣ ሰዓታችሁን ለመረብ ኳሶቹ እሰጣለሁ። ቡድንም አይኖርም።"

ሐያት እያለቀሰች መጣች። እኔ እንባ አልወድም። እውነቱን ለመናገር ኳስም አልወድም ነበር፤ "ጊዜ መግደያ" እያልኩ ስሰድባት ነው የኖርኩት። ያን ቀን ግን ልጄ ጊዜዋን ስትገድል ሳይሆን ጊዜዋን ስትነጠቅ አየኋት። ሁለቱ አይመሳሰሉም። አፌ ከልቤ ቀድሞ፦

"አብሽሪ፣ እኔ አሰለጥናችኋለሁ" አለ።

"አባባ፣ አንተ? ኳስ ነክተህ ታውቃለህ?"

"የስፌት መኪናስ መቼ ነክቼ አውቅ ነበር? ተማርኩ እንጂ!"

ሚስቴ ዘሀራ ከጓዳ ሆና "ያረቢ፣ አንተው ድረስላቸው" ስትል ሰማኋት። እኔን እንዳልሆነ ገብቶኛል።

በስልኬ ስለ ቅርጫት ኳስ ያለውን ሁሉ ማንበብ ጀመርኩ። አንድ ቦታ ላይ ልቤን የሞላ ነገር አገኘሁ፦ ተከላካይ ሳይኖርም ልምምድን እንደ እሳት ማጋል ይቻላል ይላል። እንዴት? በሰዓት፣ በቁጥርና በድካም። ተጫዋቹን የሚያስጨንቀው ከፊቱ የቆመ ሰው ከሌለ ሰዓቱ ያስጨንቀው። ደቂቃ ስጠው፣ ቁጥር ስጠው፣ ካልሞላ ከዜሮ አስጀምረው። ይኼማ የስፌት መኪና ነው! አልኩ። መርፌዋን የሚከላከላት ማን ነው? ማንም። ግን ስትፈጥን አያችኋት?

ልምምዶቹን ራሴ ቀረጽኳቸው። የመጀመሪያው፦ ከሜዳው ጫፍ ኳስ እያነጠሩ በሙሉ ፍጥነት መሮጥ፣ ሳይቆሙ ቅርጫት ውስጥ ማስገባት፣ ኳሷን ይዞ መመለስ። አምስቱ በሁለት ደቂቃ ሃያ ማስገባት አለባቸው። አስራ ዘጠኝ ከሆነ እንደገና። ሁለተኛው፦ ሦስቱ ጎን ለጎን እየሮጡ ኳሷን መሬት ሳያስነኩ እየተቀባበሉ ሜዳውን መጨረስ። ኳሷ መሬት ከነካች ከዜሮ። ሦስተኛው፦ ሜዳውን አራት ጊዜ ተመላልሶ ሮጦ፣ ልብ እየደለቀ፣ ላብ ዓይን ውስጥ እየገባ፣ ከቅጣት መስመሩ ላይ ቆሞ መወርወር። ሁለት ካልገባ ሩጫው ይደገማል። ቢጫ ጀሪካኖችን ደርድሬ በመካከላቸው እንዲጠማዘዙም አደረግኩ። ጀሪካን ጥሩ ፍጡር ነው፤ አይሳደብም፣ አይጎትትም፣ የተተከለበት ይቆማል።

በሦስተኛው ቀን ሐያት መጣች።

"አባባ፣ ሁለታችን ለምን አንከላከልም? ሦስቱ ያጥቁ።"

"ጓደኛሽን ልታደናቅፊ?"

"ጨዋታው እኮ እንደዚያ ነው!"

"ሰው ጓደኛውን ይደግፋል እንጂ መንገድ አይዘጋባትም። እኔ ባለሁበት አይሆንም።"

ወንዶቹም መጥተው ነበር። "ጋሽ እንድሪስ፣ እኛ እንከላከልላቸው፣ ለልምምድ ይጠቅማቸዋል" አሉኝ። እኔስ? ጀሪካን ለመወርወር አንድ ሐሙስ ሲቀረኝ ነው ያባረርኳቸው። የሴት ልጅ አባት የሆናችሁ ትረዱኛላችሁ። የሴት ልጅ አባት ያልሆናችሁ ደግሞ ትስቁብኛላችሁ፤ ሳቁ፣ ይገባኛል።

አሁን ወደ ዋናው ብልሃቴ... ማለቴ ወደ ዋናው ጥፋቴ ልምጣ።

የሜዳው አጥር ከፈረሰ ዓመታት አልፈዋል። ከገበያ ወደ ላይኛው ሰፈር የሚሄድ ሰው ሁሉ ሜዳውን ሰንጥቆ ያልፋል፤ መንገዱ በሩብ ያጥራል። እኛ በምንለማመድበት ሰዓት ሐጂ ሙሄ ዱላቸውን ይዘው ወደ መስጊድ ይሻገራሉ፤ መሪጌታ ጃንጥላቸውን ይዘው ከማዶ ይመጣሉ፤ እናቶች የተጫነ አህያ እየነዱ ይገባሉ። በመጀመሪያው ሳምንት ኳሷ በሐጂ ሙሄ አፍንጫ ስር በረረች። ደነገጥኩ! ፊሽካዬን ነፋሁና ሕግ አወጣሁ።

"ከዛሬ ጀምሮ ታላቅ ሰው ከፊታችሁ ሲመጣ ትቆማላችሁ። ኳሷ በግራ ብብት። አንገት ዝቅ። 'እንዴት ዋሉ?' ትላላችሁ። አልፈው እስኪሄዱ አትንቀሳቀሱም።"

"ሰዓቱስ ይቆማል፣ ጋሽ እንድሪስ?" አለች ሰዓዳ።

"ሰዓት ለማንም አይቆምም።"

ይቺ ናት የገደለችን! ሰዓቱ ስለማይቆም ልጆቹ ጨዋነትን ማፍጠን ነበረባቸው። አፈጠኑት። በሦስተኛው ሳምንት ሐያት እንደ ንፋስ እየበረረች ሐጂ ሙሄ ብቅ ሲሉ፣ በአንድ እርምጃ ተተክላ፣ ኳሷ በብብት፣ አንገቷን ደፍታ፣ "እንዴት ዋሉ?"፣ ከዚያ እንደገና ንፋስ! ትዕግስትማ ገና ጥላ ስታይ ነው የምትቆመው። ሐጂ ደግሞ ዝም ብለው አያልፉም። ሜዳው መሀል እግራቸውን ዘርግተው፣ ዱላቸውን ተክለው፣ የእያንዳንዷን እናት፣ አባት፣ የታመመች አክስትና የወለደች ላም ሳይቀር ይጠይቃሉ። የቆሙበትን መሬት ቆርሶ በጀርባው የሚሸከም ካልተገኘ በቀር ማንም አያነቃንቃቸውም።

እኔ ዳር ቆሜ ደረቴ ሊፈነዳ ደረሰ። ከሙሉ ሩጫ ወደ ሙሉ ጨዋነት በሁለት ሰከንድ! በየትኛው አገር ይገኛል? ሃያውን ቅርጫት በሁለት ደቂቃ ማስገባታቸው ቀርቶ ሃያ ስድስት ደርሰው ነበር። ለዘሀራ "ማሻን አዝንላታለሁ" አልኳት።

እናንተ ገብቷችኋል አይደል? እኔ አልገባኝም ነበር። በስድስት ሳምንት ውስጥ እነዚህ ልጆች ፊት አንድም ጊዜ ተከላካይ ቆሞ አያውቅም። ከፊታቸው የሚመጣ ሰው ካለ፣ ያ ሰው ሁልጊዜ ታላቃቸው ነው።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። የማሻ ልጆች በሚኒባስ መጡ፤ አስራ ሁለት ናቸው። ሰባት ቁጥር የለበሰችው ትከሻዋ እንደ ቁም ሣጥን ሰፊ ናት። ሕዝቡ ሜዳውን ከቧል። ርዕሰ መምህሩ ወንበር ላይ ተቀምጧል፤ የመረብ ኳሶቹ ልጆች መረባቸውን ጠቅልለው ይዘው ከጀርባው ቆመዋል። ገና ሳንሸነፍ መረብ ይዘው መጡ! ሐጂ ሙሄ መንገዳቸው በሰው ስለተዘጋ ከእኔ አጠገብ ድንጋይ ላይ አረፍ አሉ።

ዳኛው ፊሽካውን ነፋ። መሰረት ዘላ ኳሷን ለሐያት አወረደችላት። ሐያት ተፈተለከች! ሕዝቡ "ኧረ ይቺ ልጅ!" ብሎ ተነሳ። እኔ ሰዓቴን ያዝኩ። ሰባት ቁጥር ሁለት እጇን ዘርግታ ከፊቷ ገባች።

ሐያት ቆመች።

ኳሷን በግራ ብብቷ ያዘች። አንገቷን ደፋች።

"እንዴት ዋሉ?"

ሰባት ቁጥር ግራ ቀኝ አየች። እሷም የሰው ልጅ ናት፣ ሰላምታ አይመለስ የለም።

"አልሐምዱሊላህ... እናንተስ?" አለችና ኳሷን ከብብቷ ሥር ቀስ አድርጋ ወስዳ ሄደች። ሁለት ለዜሮ።

 ከዚያ የሆነውን ሳቅ ልገልጸው አልችልም፤ ሚኒባሱ ውስጥ ተኝቶ የነበረው ሹፌር ተነስቶ ወጣ። ቀጥሎ መሰረት፤ ቆመች፣ ብብት፣ "እንዴት ዋሉ?" አራት ለዜሮ። ትዕግስት ከተከላካይዋ አምስት እርምጃ ርቃ ቆመችና መንገዱን ለቀቀች። ረድኤት እንኳ፣ በሕይወቷ ቃል ተንፍሳ የማታውቀው ረድኤት፣ ጥርት ባለ ድምጽ "እንዴት ዋሉ!" አለች። ስድስት፣ ስምንት፣ አስር... አንዷ የማሻ ልጅ አንሸራትቷት ወደቀችና መንገዱ ባዶ ስለሆነ ብቻ ሰዓዳ ሁለት ነጥብ አስገባች።

እረፍት ሲወጡ አስራ ስምንት ለሁለት። ልዩነቱ አስራ ስድስት። ገና ግማሹ ይቀራል። ከርዕሰ መምህሩ ጀርባ ያሉት ልጆች መረቡን መፍታት ጀምረዋል።

ልጆቹን ከሜዳው ጀርባ ሰበሰብኳቸው። 

"ጥፋቱ የናንተ አይደለም። የኔ ነው" አልኩ። "ኳስ አስተማርኳችሁ ብዬ መንገድ መልቀቅ አስተማርኳችሁ።"

ሐያት እንባዋ ደርቆ፣ ዓይኗ ቀልቶ አየችኝ።

"አባባ፣ ቁም።"

"የት?"

"እዚህ። ከፊታችን። እጅህን ዘርጋ።"

"ሰው እያየ?"

"ሰው እያየ።"

ቆምኩ። እጄን ዘረጋሁ። ሐያት መጣች፤ አንድ እርምጃ ሲቀራት ቆመች፣ አንገቷን ደፋች። መሰረት መጣች፤ ቆመች። ትዕግስት መጣች ለማለት ይከብዳል፤ ከሩቅ ሆና ይቅርታ ጠየቀች።

"አትቁሙ!" አልኩ። "በአላህ ይሁንባችሁ፣ በጎኔ እለፉ! ከነካችሁኝም ንኩኝ! እንዴት ዋሉ የምትል ልጅ ካየሁ ዘንድሮ አላናግራትም!"

ሰዓዳ ዓይኗን ጨፍና ኳሷን አቅፋ መጣች። ልጅቱ ትንሽ ናት ብያችኋለሁ፤ ሆዴ ላይ ስታርፍ ግን ትንሽ አልነበረችም። ወደ ኋላዬ ሄድኩ፣ መነጽሬ ወደ ፊት ሄደ፣ መሰረትም ከኋላ በሙሉ ፍጥነት እየመጣች ነበርና በዚያ በረጅም እግሯ ረገጠችው። ቀጭ!

"ወይኔ ጋሽ እንድሪስ! ይቅርታ!"

"ይቅርታ አልተባለም! ቀጥሉ!"

ሐያት በቀኜ፣ ረድኤት በግራዬ፣ ትዕግስት ሳይቀር ትከሻዬን ገፋ አድርጋ እያማተበች አለፈች። ሐጂ ሙሄ ከድንጋያቸው ተነስተው ዱላቸውን አወዛወዙ።

"ያረቢ! ኧረ ሰው ድረሱ! ሰውየውን የገዛ ልጆቹ ጨረሱት!"

"ተውዋቸው፣ ሐጂ፤ እኔ ነኝ ያዘዝኳቸው።"

"አዘህ ነው የምትደበደብ? ጤና የለህም፣ እንድሪስ?"

ሁለተኛው አጋማሽ ተጀመረ። እኔ ያለ መነጽር ከአስር እርምጃ ወዲያ የሚታየኝ ጭጋግ ነው። ሐያትንና ሰባት ቁጥርን የምለየው በስፋት ብቻ ነው። ስለዚህ ጨዋታውን የነገሩኝ ሐጂ ሙሄ ናቸው፤ ሕጉን ከማያውቅ ሰው ጨዋታ መስማት ምን እንደሚመስል ሞክሩት!

"ምን ሆነ፣ ሐጂ?"

"ልጅህ ያቺን ወፍራሟን ገፍታት አለፈች። ሰላምታም አልሰጠቻትም።"

"አልሐምዱሊላህ!"

"ምን አልሐምዱሊላህ ትላለህ! ነውር ነው እኮ!"

"ገባ ወይ?"

"በዚያ ቀዳዳ ቅርጫት ገባና ወደቀ። ምን ይጠቅማል?"

ልጆቹ በሰዓት እየተለካ የሮጡት ስድስት ሳምንት እዚህ ላይ ጠቀማቸው። የማሻ ልጆች ሲደክሙ የእኛዎቹ ገና መሞቃቸው ነበር። ስድስት ያህል ጊዜ ሮጠው አምስት አስገቡ። ግን የማሻ ልጆችም አላረፉም። የሁሉም ሰው ትንፋሽ ተቆርጦ፣ ቀሪው ሰከንድ በጣት የሚቆጠር ሲሆን፣ ውጤቱ ሠላሳ ለአስራ ሁለት ደረሰ። ልዩነቱ አስራ ስምንት። ኳሷ ደግሞ በሰባት ቁጥር እጅ! አንድ ካገባች ሃያ ይሞላል፤ ሰዓቷ ሄደች፣ ቡድኑ ፈረሰ፣ መረቡ ተተከለ።

ያን ጊዜ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ልጆቹ ተከላካይን ማለፍ እንጂ መከላከልን መቼ ተማሩ? "ጓደኛሽን ልታደናቅፊ?" ብዬ የከለከልኳት ልጅ አሁን ምን ልታደርግ ነው?

"ሐጂ! ምን እየሆነ ነው?"

"ወፍራሟ እየሮጠች ነው።"

"ሐያትስ?"

"ቆማለች።"

"እንዴት? አንገቷን ደፍታ?"

ሐጂ ሙሄ አንገታቸውን አስግገው አዩ።

"የለም። እግሯን ዘርግታ፣ መሬቱን ይዛ... አንተ! እንደ እኔ ቆማለች!"

ግጭቱን ማየት አላስፈለገኝም፤ ሰማሁት። የሁለት ሰው መውደቅ፣ የፊሽካ ድምጽ፣ ከዚያ ዳኛው፦ "ጥፋት! ሰባት ቁጥር ናት የገጨቻት! ኳስ ለመካነ ሰላም!" ወዲያው የማብቂያው ፊሽካ።

ሠላሳ ለአስራ ሁለት ተሸነፍን። ሕዝቡ ሜዳ ውስጥ ገብቶ ሐያትን ተሸከማት። ሰዓዳ ጀሪካን ላይ ወጥታ ትጨፍራለች። ረድኤት ትጮሃለች። የማሻዋ ሰባት ቁጥር ጉልበቷን እያሸች ወደ እኔ መጣች።

"አባባ፣ ያሸነፍነው እኛ አይደለንም እንዴ?"

"እናንተ ናችሁ፣ ልጄ። እንኳን ደስ አላችሁ።"

"እና እነሱ ምን ሆነው ነው?"

"በአስራ ስምንት ብቻ ስለተሸነፉ ነው" አልኳት። ራሷን እየነቀነቀች ወደ ሚኒባሷ ሄደች።

ርዕሰ መምህሩ ቃሉን ጠበቀ። መረብ ኳሶቹ መረባቸውን መልሰው ጠቀለሉ። ሰዓቷ የሴቶቹ ናት።

አሁን ሕጉን አሻሽያለሁ። ሰላምታ ከሜዳው መስመር ውጭ ይሰጣል፤ ከመስመሩ ውስጥ ያለ ሰው ግን ሐጂም ይሁን መሪጌታ በጎኑ ይታለፋል። ሁለቱ ሲያጠቁ ሦስቱ ይከላከላሉ፤ ጓደኛን ማደናቀፍም እንደ ሰዓቱ መደገፍ መሆኑን ልጄ አስተምራኛለች። ሐጂ ሙሄም በቀን አንዴ ያቋርጡ የነበሩት አሁን አራት ጊዜ ያቋርጣሉ። መሀል ላይ ቆመው፣ ዱላቸውን ወደ ላይ ዘርግተው "እስቲ እለፊኝ!" ይላሉ። እስካሁን ያለፈቻቸው ሰዓዳ ብቻ ናት፤ እሷም በብብታቸው ሥር ነው።

የቀረው መነጽሩ ነው። ደሴ ወስጄው "ከመጠገን አዲስ ይሻላል" ተባልኩ። ሐያት "ግጩኝ ያልከው አንተ ነህ" አለች፤ መሰረት "የረገጥኩት እኔ ነኝ" አለች፤ ስንከራከር ሐጂ ሙሄ ኪሳቸውን እየፈተሹ መጡ።

"እኔንም ቁጠሩኝ። መቆምን ያስተማርኳት እኔ አይደለሁም እንዴ?"

ስለዚህ ለአዲሱ መነጽር፦ ሰባት ሰው፣ ለእያንዳንዱ ሦስት መቶ፣ ጠቅላላ ሁለት ሺህ አንድ መቶ ብር።